እንግዳ ባልመጣ ቀን የሚበላ

የብርጓል ባሏን ለመክሰስ መነኩሴ ደጅ ከመሄዷ በፊት ያልሞከረችው መላ እንዳልነበረ ከሁሉ አስቀድሞ ይታወቅላት። ቁጡ ናት፤ እሱን ራሷም አትክድም። ችኩል ግን አይደለችም።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት ነው። ባሏ ቄስ አካለ ወልድ ከሮብ ገበያ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በምትርቅ ደብር ሃያ ስድስት ዓመት የቀደሱ፣ አርባ ሦስት ቤት የንስሐ ልጅ ያላቸው፣ ድምፃቸው ወንዝ ማዶ የሚሰማ ካህን ናቸው። በዚያ ወር የመጽሐፉ ፊደል እንደ ጉንዳን ይተራመስባቸው ጀመር። «ሻማው ነው» አሉ፤ ሻማው ተለወጠ። «ጭሱ ነው» አሉ፤ ጭሱም ቀርቶ ታየ። በሦስተኛው እሑድ ዲያቆኑ ከጎናቸው ቆሞ ቃል በቃል እየነገራቸው ወንጌሉን ሲጨርሱ፣ የብርጓል ሌላ ሰበብ ለመስማት አልጠበቀችም። በማግስቱ ማለዳ ሚኒባስ አሳፍራ ደብረ ማርቆስ ወሰደቻቸው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ግን ነገር አያድበሰብስም። «አባ፣ ስኳርዎ በባዶ ሆድ ሁለት መቶ ሰማንያ ነው። ዓይንዎን እየጎዳው ያለው እሱ ነው» አላቸው። «ይህን መድኃኒት ሳያቋርጡ ይውሰዱ። ጠላና አረቄ ይተዉ። ጣፋጭ ነገር ይተዉ። ምግብዎን ያስተካክሉና በሦስት ወር ይምጡ። ስኳሩ ካልወረደ ዓይንዎን አተርፋለሁ ብዬ ቃል አልገባልዎትም።»

ቄሱ የእጅ መስቀላቸውን ጨበጡ። ዓይነ ስውር መሪጌታ ሞልቷል፤ ዜማውን በቃሉ ይዞ ያስተምራል፣ ይከበራል። ዓይነ ስውር ቀዳሽ ግን የለም። ለቄስ አካለ ወልድ ደግሞ ከመቅደስ መውጣት ማለት ከነነፍስ መቀበር ማለት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አብራቸው የኖረች ሴት ይህን ለማወቅ ማንም እንዲነግራት አያስፈልጋትም።

«ምግቡስ ምን ይሁን?» አለች በመጨረሻ።

«ነጭ ዳቦ፣ የተነፋ ዱቄት ይቀንሱ። እንጀራ ትንሽ፣ ወጡ በርከት ይበል። ባቄላ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ተልባ። ገብስ ካላችሁ ገብስ በጣም ጥሩ ነው። ዱቄቱን ሳትነፉ። እንዲህ ያለው ምግብ በሆድ ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚፈጨው፤ ስኳሩን በአንድ ጊዜ ወደ ደም አይለቀውም። ያጠግባልም።»

የብርጓል ልትስቅ ምንም አልቀራት። ከባሕር ማዶ የሚመጣ፣ ስሙ የማይያዝ ነገር ሊያዝባት ነው ብላ ተጨንቃ ነበር። የጮቄ ተራራ ሥር ሰው ገብስና ባቄላ ጎድሎበት ታመመ ቢባል ማን ያምናል? የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሉት ይሄ ነው። ግን እውነት ነበር። ለቄስ የሚቀርበው ነጭ ነው፤ ነጭ ጤፍ፣ በወንፊት ሁለቴ የተነፋ የስንዴ ዳቦ። ገብሱና ባቄላው የቤተሰብ ነው፤ ጓዳ ለጓዳ የሚበላ። ገብስ የእህል ንጉሥ ነው እያለ የሚተርተው ሰው ሁሉ እንግዳ ሲመጣ ንጉሡን ጓዳ ይደብቀዋል። እሷም ራሷ ስትደብቀው ኖራለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቷን ወንፊት ከመስቀያው አላወረደችም። ጠዋት ያልተነፋ የገብስ ገንፎ በተልባ፣ ቀን ትንሽ እንጀራ በብዙ ሽሮና ጎመን፣ ማታ የምስር ወጥ ወይ ንፍሮ። ቄሱ ሦስት ቀን ታገሡ። በአራተኛው ሳህኑን አይተው፣

«የብርጓል፣ እኔ ቄስ ነኝ ወይስ ቆሎ ተማሪ?» አሉ።

«ቆሎ ተማሪ እያሉ ዓይንዎ ደህና ነበር» አለች።

ሳቁና በሉ። በወጣትነታቸው ደብረ ወርቅ ለትምህርት ወርደው ስምንት ዓመት ቁራሽ ለምነው፣ ቆሎ ቆርጥመው ነው የተማሩ።

ወር ሲሞላ ሮብ ገበያ ጤና ጣቢያ ሄዱ። የብርጓል ልቧ ሞልቶ ነበር። መድኃኒቱን በየቀኑ ራሷ ቆጥራ ሰጥታለች፤ ምግቡን በእጇ ሠርታለች። ነርሷ ሂዊ የቄሱን ጣት ወግታ ደሙን ለካችና ፊቷ ተለወጠ። ሁለት መቶ ዘጠና ስድስት።

«መሣሪያሽ ተበላሽቶ እንዳይሆን» አለች የብርጓል።

ሂዊ የብርጓልን ጣት ወጋች። ዘጠና ሁለት። መሣሪያው ደህና ነው።

«እትዬ» አለች ሂዊ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አባታችን ከቤት ውጭ የሚበሉበት ቦታ አለ?»

ጥያቄው የብርጓልን እንደ ምስማር ወጋት። የንስሐ ልጅ ያለው ቄስ የት የማይበላበት ቦታ አለና! ክርስትና አለ፣ ተዝካር አለ፣ ማኅበር አለ፣ የታመመ ጥየቃ አለ፣ ቤት መባረክ አለ። እሷ ከቤቷ ጓዳ ላይ ዘብ ቆማ፣ ሰውዬው በአርባ ሦስት በር ይወጡና ይገቡ ኖሯል።

በኅዳር ሃያ አንድ የማርያም ማኅበር የንስሐ ልጃቸው ጤናዬ ቤት ነበር። ጤናዬ ደግና ደግሳ የማትጠግብ ሴት ናት፤ ቤቷ ገብቶ ሳይጠግብ የወጣ ሰው ካለ ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስዳትም። የብርጓል ጥግ ይዛ ተቀመጠችና እንደ ድመት ትጠብቅ ጀመር። ለሰው ሁሉ ጠላ ተቀዳ። ለቄሱ ግን ጤናዬ ከጓዳ አንድ ትልቅ ብርሌ በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። በውስጡ እንደ ወርቅ የሚያበራ ብርዝ ነበር። ብርዝ ማለት ጠጅ ሳይሆን የሚጠጣ፣ በውሃ የተበረዘ ማር ነው። ቄሱ ጠጡ። ተደገመላቸው። ሦስተኛው ሲቀዳ የብርጓል ቆጠራውን አቆመች።

«ሐኪም ጠላ ስለከለከላቸው» አለቻት ጤናዬ ኮራ ብላ፣ «የንስሐ ልጆቻቸው ተነጋግረን በየቤታችን ብርዝ እናኖርላቸዋለን። የጮቄ ነጭ ማር ነው። አባታችንን እናስጠማ መሰለሽ?»

ቄሱ ጣራውን ያዩ ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ የብርጓል ወንዙን እስኪሻገሩ ድረስ ታገሠች።

«ስንት ቤት ነው?»

«የምን ስንት ቤት?»

«ብርዝ የሚጠጡበት።»

ቄሱ ጥቂት ተራመዱ። «የሚጋብዘኝ ቤት ሁሉ» አሉ።

«ሐኪሙ ጣፋጭ ይተዉ አላለም?»

«ስኳር ይተዉ ነው ያለኝ። ከጥቅምት ወዲህ ስኳር በአፌ አልዞረም፤ ሻዩን እንኳ መራራውን ነው የምጠጣ። ስኳር የፋብሪካ ነው፤ ማር የእግዚአብሔር ነው። መጥምቁ ዮሐንስ በበረሃ የበላው ምን ነበር?»

«አንበጣም በልቷል። ላስለቅምልዎ?»

በሌላ ቀን ቢሆን ይስቁ ነበር። አሁን ግን ቆሙና መቋሚያቸውን ተደገፉ። «የብርጓል፣ እኔም ሳልጠረጥር ቀርቼ አይደለም» አሉ። «የንስሐ ልጄ በሁለት እጇ የያዘችውን ጽዋ እንዴት ብዬ ልመልስ? እምቢ ባልሁ ‹አባታችን ምን አየብን› ብላ ስትብሰለሰል ነው የምታድር። እኔ ነፍስ ላሳርፍ ነው የምሄድ፤ ላስጨንቅ አይደለም።»

ይህን ስትሰማ የብርጓል ቁጣዋ ጉልበት አጣ። እውነታቸውን ነው። ሰውዬው ሆዳም ቢሆኑ ኖሮ መላው ቀላል ነበር፤ ሆዳም በቁጣ ይታረማል። ደግነታቸውን ግን በምን ትገሥጸዋለች? ፈርታ ነበር።

ለመነሻ በየቤቱ ዞረች። ማር ለጤነኛ ሰው ደግ እንደሆነ፣ በባሏ ደም ውስጥ ግን ከፋብሪካው ስኳር ምንም እንደማይለይ አስረዳች። ሰው አንገቱን እየነቀነቀ ሰማት። ከዚያ ብርሌውን በትንሽ ብርሌ ለወጠና መቅዳቱን ቀጠለ። ጤናዬማ ተቀየመች። «ማር ክፉ ነው ልትይ ነው የመጣሽ? አንቺ ራስሽ ገብስ እያበላሽ ፊታቸውን አከሳሽው እየተባለ ነው» አለቻት። የብርጓል መልስ ነበራት፤ ግን ምን ይፈይዳል? ቄሱ በየተጋበዙበት ቤት እሺ እያሉ፣ እሷ በአንድ አፍ እምቢ ማለቷ ወንዝን በወንፊት መገደብ ነው።

የመነኩሴው ነገር የታሰባት ያኔ ነው። ቄስም ቢሆን ንስሐ አባት አለው። የቄስ አካለ ወልድ ንስሐ አባት አባ ወልደ ሩፋኤል ይባላሉ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለች ጎጆ ለብቻቸው የሚኖሩ፣ ሰማንያ አልፏቸው ጥርሳቸው ያልጎደለ፣ በቀን አንድ ጊዜ የራሰ ባቄላና ጎመን የሚቀምሱ መነኩሴ ናቸው። ቄሱ በምድር ላይ የሚፈሩት ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ናቸው።

ባሏ ለተዝካር ማዶ የሄዱ ዕለት፣ የብርጓል በአባ ጎጆ ደጃፍ ተንበረከከች።

«አባ፣ ክስ ይዤ መጣሁ።»

«ባልና ሚስት ከተጣሉ ሽማግሌ አለላችሁ» አሉ አባ ከውስጥ።

«የበደሉት እኔን አይደለም። እግዚአብሔር የሰጣቸውን ዓይን ነው።»

አባ ብቅ አሉ። የብርጓል ሁሉንም ነገረቻቸው፦ ሁለት መቶ ሰማንያውን፣ ሐኪሙ ያለውን ከባቄላ እስከ ተልባ፣ ብርዙን፣ አርባ ሦስቱን ቤት፣ እምቢ ማለት እንደማይችሉ። «ከመቅደስ ከወጡ ይሞቱብኛል» አለች።

አባ መቁጠሪያቸውን ሁለት ሦስት ጊዜ አዞሩ። «እያወቀ ከሆነ ኃጢአት ነው፤ ሳያውቅ ከሆነ ስንፍና ነው። ለሁለቱም መድኃኒት አለን» አሉ። ቀጥለውም ጥቂት ፈገግ አሉ። «ሐኪሙ ብላ ያለውማ እኮ እንግዳ ባልመጣ ቀን የሚበላ ነው።»

«አባ፣ እኔ መምጣቴን...»

«አንቺ መቼ መጣሽ?» አሉና ወደ ጎጇቸው ገቡ።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ቄሱ ከአባ ዘንድ ሲመለሱ ፊታቸው ወድቆ ነበር። ራት በልተው ወዲያው ተኙ፤ የብርጓልም ወጡን ከማውጣት በቀር ቀና አላለችም። ነገሩ የተሰማው ከሁለት ቀን በኋላ እዚያው ጤናዬ ቤት ነው። ጤናዬ ብርዟን ይዛ ስትወጣ ቄሱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣

«ልጄ፣ ቀኖና አለብኝ» አሉ።

ቀኖና ንስሐ አባት የሚጥለው ቅጣት ነው። ለአንዱ ስግደት፣ ለሌላው ጾም ይታዘዛል፤ ማንም ምንም ይታዘዝ፣ በዚያ አገር ቀኖናን የሚከራከር ሰው ገና አልተወለደም። ቄሱ የነገሯት ቀኖና ይህ ነበር፦ እስከ ጥር መጨረሻ፣ በገቡበት ቤት ሁሉ፣ እንግዳ ባልመጣ ቀን ቤተሰቡ ከሚበላውና ከሚጠጣው ሌላ በአፋቸው እንዳይገባ።

ጤናዬ ብርሌውን እንደያዘች ቀረች። ከዚያ ጓዳ ገባች። ብዙ ቆየች። በኋላ አንገቷን ደፍታ የባቄላ ንፍሮ፣ የጎመን ወጥና የገብስ ቂጣ አቀረበች፤ ለልጆቿ ያስቀመጠችው ነበር። ስታፍር ለተመለከታት የተሰረቀ ዕቃ ያወጣች ትመስላለች። ቄሱ ባርከው በሉና ውሃ ጠጡ። ውሃ! ጤናዬ ቤት ውሃ ተጠጣ።

የብርጓል ደስታዋ አምስት ቀን እንኳ አልቆየም። ወፍጮ ቤት እህል ይዛ ስትደርስ ሴቶቹ ወሬያቸውን አቋረጡ። በሩ ላይ የሰማችው ግን በቂዋ ነበር። «ቄስ እንዲህ ያለ ቀኖና የሚጣልበት አንድ ነገር ቢያደርግ ነው።» «ምን ይሆን?» «እሱንማ እግዜር ይወቀው።» የብርጓል እህሏን አስፈጭታ ዱቄቱን ተሸክማ ወጣች። የባሏን ዓይን በስማቸው ለውጣ ገዝታለች።

«ለምን እንደሆነ ይንገሯቸው» አለቻቸው ያን ማታ።

«የቀኖና ምክንያት አይነገርም።»

«ስምዎን እያጠፉት ነው!»

«ካወራሁት ቀኖና መሆኑ ቀርቶ ወሬ ይሆናል» አሉ ቄሱና የገብስ እንጀራቸውን በሽሮ አጠቀሱ። የብርጓል «እኔ ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው።

በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ የኔአለም የምትባል ባልቴት ከቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ሥር ቆማ ጠበቀቻቸው። የአሥራ አንድ ዓመት የንስሐ ልጃቸው ናት። ቄሱ ቤቷን የሚባርኩት ደጃፏ ላይ ቆመው ነው፤ እህል ውሃ ቀምሰውባት አያውቁም። ድሃ ናት፤ አላስቸግራት ብለው ነው።

«አባቴ፣ ቀኖና አለብዎ የሚባለው እውነት ነው?» አለች።

አጠገባቸው የቆመችው የብርጓል ፊቷ ተቆጣ። ይቺም ለወሬ!

«እውነት ነው ልጄ» አሉ ቄሱ።

«እንግዲያውስ ነገ እኔ ቤት ይምጡልኝ። ነጭ ጤፍ የለኝም፣ ማርም የለኝም። እኔ ቤት የሚበላው ሁልጊዜም ያው ነው። እንግዳም መጥቶብኝ አያውቅ።»

ሄዱ። ቤቷ ጠባብ ናት፤ መደቡን ግን በእበት ለቅልቃ፣ ሣር ጎዝጉዛ ነበር። የገብስ እንጀራ፣ ከጓሮዋ የተቀነጠሰ ጎመን፣ የተቀቀለ ድንች፣ ቅርፊቱ ላይ ጨው የተነሰነሰበት የራሰ ባቄላ አቀረበች። ቄሱ በሉ። «ጎመኑን ጨምሪልኝ» አሉ። የኔአለም ጨመረችላቸው፣ ከዚያ ወደ ጓዳ ገባችና ቶሎ አልወጣችም፤ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። የብርጓል ደግሞ የጠረጠረቻትን አስባ አፈረች።

ሲመለሱ ቄሱ ዞረው የኔአለምን ደጃፍ አዩ። «ያላስቸገርኋት መስሎኝ ነበር» አሉ። «አሥራ አንድ ዓመት ደጃፏ ላይ ጸልዬ ስመለስ፣ ቤቷ አባት እንዳይገባበት ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወዲህ ጠርተዋቸው የማያውቁ ቤቶች ይጠሯቸው ጀመር። ዳገት ላይ ያሉት፣ ከወንዝ ወዲያ ያሉት። ቄሱ በየቀኑ ብዙ ይሄዳሉ፣ ባቄላና ጎመን ይበላሉ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይውጣሉ። ቀሚሳቸው ወገባቸው ላይ ሰፋ። የወፍጮ ቤቱ ወሬ ግን አልሞተም፤ የብርጓልም ያን ወር ሙሉ እንቅልፏን አልጠገበችም።

በጥር መጨረሻ ደብረ ማርቆስ ሄዱ። ያው ወጣት ሐኪም ወረቀቱን አየ፣ ደግሞ አየ። «መቶ ሃያ አራት» አለ። ዓይናቸውንም አስመረመረና ተመለሰ። «አባ፣ እውነቱን ልንገርዎ። የጠፋው አይመለስም። ግን ባለበት ቆሟል። በዚሁ ከያዙት የቀረው የዓይን ብርሃን የእርስዎ ነው፤ በመነጽር ያነባሉ።»

የብርጓል ወንበሩን ጨምድዳ ያዘች።

«ይህን መድኃኒቱ ብቻውን አላደረገውም» አለ ሐኪሙ። «ምን አደረጉ?»

«ሰው ከሰሰኝ» አሉ ቄሱ። «ተፈረደብኝ። ፈጸምሁ።»

ሐኪሙ ሳቀ። «ከሳሹን ያመስግኑልኝ። ማን ነው?»

የብርጓል ወለሉን ታይ ነበር።

«አልነገሩኝም» አሉ ቄሱ። «ግን ከጎጇቸው ወጥተው የማያውቁ መነኩሴ ሁለት መቶ ሰማንያ ብለው ቁጥሩን ጠሩልኝ፤ ባቄላ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ተልባ ብለው አንተ እንዳልኸው ዘረዘሩልኝ። ያን ቀን እዚህ ክፍል ውስጥ የነበርነው ሦስት ነን። አንተ አልሄድህም። እኔም ራሴን አልከሰስሁም።»

የብርጓል ቀና አለች። «ካወቁ ለምን ዝም አሉ? ያ ሁሉ ሲወራብዎ?»

ቄሱ ወደ እሷ ዞሩ፤ በቀረላቸው የዓይን ብርሃን ትክ ብለው አዩዋት።

«እኔን ሲያሙ ኃጢአቴን ነው የሚፈልጉ፤ ኃጢአትማ አለብኝ» አሉ። «አንቺ መሆንሽ ቢታወቅ ግን ‹ባሏን የከሰሰች› እየተባልሽ ነው የምትኖሪ። ስሜ ቢጎድል ለጊዜው ነው። አንቺን ላሳማ?»

የብርጓል ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ሦስት ወር ያጠራቀመችውን ሁሉ እዚያው ሐኪሙ ፊት። ሐኪሙ የተረዳው ነገር አልነበረም። እስክትጨርስ ጠብቆ የሚቀጥለውን ቀጠሮ በሚያዝያ ጻፈላቸው።